ቡሬ ማሞቂያ አይደለም

ብልባላ፣ ላስታ
ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለማኅሌት ደግሰው
አዲስ አበባ

የሆዴ ፍሬ፣ የዓይኔ ብርሃን ማኅሌት፤ ሰላምታዬ ከቁጣዬ ቀድሞ ይድረስሽ። ቁጣዬም ከኋላው እየመጣ ነውና ተዘጋጂ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባትሽ ደኅና ነው፤ ጉልበቱን ብቻ ብርድ ሲሆን ያማርረዋል። ገብሱ ገብቷል፣ ጤፉ ገና ውድማ ላይ ነው። ዳለቻ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት፣ እጄን ስትልሰኝ ምላሷ እንደ ሞረድ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪኝ ይሆናል። በስልክማ አይሆንም። በስልክ እኔ ስቆጣ አንቺ ዝም ትያለሽ፤ አንቺ ዝም ስትዪ የኔ ሆድ ይባባል፤ ከዚያ «ምሳ በላሽ ወይ?» ብዬ እዘጋዋለሁ። ይሄን ነገር ልነግርሽ ደጋግሜ ደውዬ፣ ሁልጊዜ ስለ ምሳሽ ጠይቄ ዘጋሁ። አሁን ግን ከሥሩ ልነግርሽ ነው፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ! ቄስ ገብረ ሊባኖስ ለማኅበር ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄዱ ይዘውልሽ ይመጣሉ። ቁርሳቸውን ሳይበሉ እንዳትለቂያቸው።

ፊደሌ ትልልቅ ሆነ ብለሽ አትሳቂ። መስመሩም ወደ ላይ ቢወጣ ወደ ታች ቢወርድ ጥፋቱ የእስክሪብቶው ነው፤ አባትሽ ከገበያ ያመጣው እስክሪብቶ እንደ ራሱ ግትር ነው። የምጽፈው እኩለ ቀን ላይ ደጃፍ ተቀምጬ ነው፤ ፀሐይ ወረቀቱ ላይ ስታርፍ ደስ ይለኛል። ፀሐይዋ ዞር ስትል አቆምና በማግሥቱ እቀጥላለሁ። ስለዚህ አንዱ ቦታ ላይ ተቆጥቼ ሌላው ቦታ ላይ ስስቅ ብታገኚኝ ቀኑ ተለውጦ ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ዘንድሮም መስከረም እንደጠባ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ምስጋኑ ስብሰባ ጠራን። ጉሮሮውን ጠራረገና «ከፌዴራል የመጣ የመኖሪያ ቤቶች የኃይል ቁጠባ ደንብ» ብሎ ማንበብ ጀመረ። ከጎኔ የተቀመጠችው ጎረቤታችን አለሜ «ምናችንን ነው የምንቆጥበው?» አለች ጮክ ብላ። «ያለችን አንዲት አምፖል ናት፤ እሷም ዝናብ ሲያጉረመርም ትጠፋለች!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ምስጋኑ ግን አልሳቀም። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ቤት ይመዘናል አለ፤ በራችን ላይ ቀለም ይለጠፋል፤ ለጥሩ ቤት አረንጓዴ፣ ለመካከለኛ ቢጫ፣ ለመጥፎ ቀይ። ሰው ከሚኖርበት ቤት ሥር ከብት አይታሰርም፤ ምድጃ ከቤት ውስጥ ይወጣል፤ አምፖሉ ይሄ ዓይነት እንጂ ያ ዓይነት አይሆንም። ቀይ የተለጠፈበት ቤት እስከ ገና ዋዜማ ካልተስተካከለ መብራቱ ይቆረጣል።

«ይሄን ማን ጻፈው?» ሲሉት የመሥሪያ ቤቱን ስም ጠራ። ያንቺ መሥሪያ ቤት! በክረምት «እማዬ፣ አገር የሚጠቅም ትልቅ ሥራ ላይ ነኝ፣ ለዚያ ነው መምጣት ያልቻልሁት» ያልሽኝ ይሄ ነው ለካ! እኔ ሞኟ ደግሞ ብድግ ብዬ «ይሄንማ የጻፈችው የኔ ልጅ ናት!» አልሁ። ደረቴን ነፍቼ ነው እኮ። ሰውም አጨበጨበልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አለሜ ደጄን ባለፈች ቁጥር «አንቺው ታመጪው፣ አንቺው ታሮጪው» ትለኛለች።

ጥቅምት ላይ ቤት የምትመዝነው ልጅ ከወረዳ መጣች። ቶይባ ትባላለች፣ የወልድያ ልጅ ናት። ሰላምታዋ ረጅም፣ አንደበቷ ማር ነው፤ ጫማዋ ግን ለኛ ዳገት የተሠራ አልነበረም፣ ሲንሸራተት ከሩቅ ይሰማ ነበር። እሷ ትጠይቃለች፣ መልሱን ስልኳ ላይ ትጽፋለች፣ ስልኩ ራሱ ቀለሙን ይወስናል። ከብቶቹ ወጥተዋል፤ አባትሽ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ መጫኛ ይገምዳል። አሁን የተባባሉትን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ እኔ እዚያው ነበርሁ።

«አባባ፣ በብርድ ጊዜ ቤቱን በምን ታሞቃላችሁ?» አለችው።

«በቡሬ ነዋ» አለ።

«በቡሬ?»

«በቡሬ። ዳለቻም ታግዘዋለች፤ ዋናው ግን ቡሬ ነው።»

«መብራት ብዙ ይበላል?»

«ኧረ የምን መብራት! ጭድ ነው የሚበላ።»

ልጅቱ ደስታዋን አልቻለችውም። «በጭድ የሚሠራ ነው በሉኛ! ማሻ አላህ! ጭስስ አለው?»

«ጭስ የለው። ማለዳ ማለዳ ትንሽ እንፋሎት ያወጣል እንጂ።»

«ላየው እችላለሁ?»

«ዛሬ አለሜ ተውሳዋለች» አለ አባትሽ። «ማታ ትመልሰዋለች።»

«ይሄ ምድር ቤቱስ?»

«የቡሬ ክፍል ነው።»

እሷም «የማሞቂያ ክፍል» እያለች ጻፈች። የእበት ሽታ አልሸተታትም ወይ ትዪኝ ይሆናል። እዚህ አገር እበት የማይሸተው የት አለና ትለየው? እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን ነከስሁ። አባትሽ የዋህ ሆኖ ይሁን ተንኮለኛ ሆኖ፣ ይሄን ያህል ዘመን አብሬው ኖሬ ዛሬም ለይቼ አላውቅም። ብጠይቀው «የጠየቀችኝን መለስሁ፤ ምን ዋሸሁ?» ይላል። እውነቱንም ነው።

ስልኳ ጪጭ አለና አረንጓዴ ሰጠን። በሩ ላይ ለጥፋልን «እናንተ ምሳሌ ናችሁ» ብላ ሄደች። አቤት የዚያን ሰሞን ሳቅ! አገሩ ሁሉ ማሞቂያውን በስም ይጠራ ጀመር። አለሜ «የኔ ማሞቂያ ዛሬ ረገጠችኝ» ትላለች። አንዱ ውድማ ላይ በሬውን ሲገርፍ ሌላው «አንተ ሰው፣ የመንግሥት ዕቃ አትስበር!» ይለዋል። ምስጋኑ ብቻ ነገሩ ሳይገባው በየስብሰባው «እንደ አቶ ደግሰው ቤት ዘመናዊ ማሞቂያ አስገቡ» እያለ ሰነበተ።

ልክ ለኅዳር ሚካኤል ቶይባ ተመልሳ መጣች። ገና ከደጅ ሆና «እማማ፣ ለካ ቡሬ በሬ ነው!» አለችኝ። ድምፅዋ ግማሹ ሳቅ ግማሹ እንባ ነው። ከአዲስ አበባ የተጻፈላትን አነበበችልኝ፤ አሁንም በቃሌ ይዤዋለሁ። «ቡሬ የማሞቂያ ስም አይደለም። በላስታ ለእርሻ በሬ የሚሰጥ ስም ነው። ዳለቻም ላም ናት። እንስሳቱ ከመኖሪያው ሥር ይውጡ። የቤቱ ደረጃ ቀይ ሆኖ ይታረም።»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ መሐል ላይ ቆመ። ዳለቻም ላም ናት! ማኅሌት፣ እኔ ሞኝ ነኝ እንዴ? በዚያ ሁሉ ፎቅ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሹም መካከል፣ ቡሬ በሬ መሆኑን የሚያውቅ ካንቺ በቀር ማን አለ? ዳለቻ ላም መሆኗን የሚያውቅስ? አባትሽ አንዱ በሬ ባረጀ ቁጥር ሌላ ያመጣል፤ መልኩ ምንም ይሁን ምን ቡሬ ይለዋል። ይሄን የምታውቂ አንቺ ነሽ። ጭሱን ሸሽተሽ ወደ ምድር ቤት ትወርጂና፣ በሩን ከፍተሽ፣ ጀርባሽን ቡሬ ላይ አስደግፈሽ አልነበር እንዴ የምታጠኚው? ለፈተና ያደረሰሽ እኮ እሱ ነው። በሬው አስተምሮ ዲግሪ ያስያዛት ልጅ በሬውን ከቤት ይውጣ ብላ ጻፈች!

ቶይባን አስቀምጬ ጠላ እንዳልሰጣት አትጠጣ፤ ወተት ሰጠኋት። ከማን እንደታለበ ስታውቅ ሳቋ መጣና ትን አላት። «አብሽሩ እማማ፣ መላ አይጠፋም» ብላኝ ቀዩን ለጥፋ ሄደች። መለጠፏን እንኳ የነገረችኝ አለሜ ናት። እኔማ ስወጣ ስገባ ልብም አላልሁት። ቀይ ይሁን አረንጓዴ ለኔ አንድ ነው።

አሁን ቁጣዬ ደረሰልሽ፤ ተቀመጪ።

መጀመሪያ የሚገባሽን ልስጥሽ። እናትና አባቴ ናቸው ብለሽ ውሸቱን ዝም ብለሽ ብታሳልፊው ኖሮ የበለጠ አዝንብሽ ነበር። ድሮም ውሸት አይሆንልሽም፤ እንቁላል ሰብረሽ ሳትጠየቂ የምትናገሪ ልጅ ነበርሽ። «ቡሬ በሬ ነው» ማለትሽ ልክ ነው። አለሜ «የገዛ እናቷን!» ስትል «ዝም በይ፣ ልጄ ለእናቷም አታዳላም» ብዬ ተከራክሬልሻለሁ። ኮርቼብሻለሁ፣ እውነቴን ነው። የተቆጣሁት «ይውጡ» ባልሽው ነው። ሳትጠይቂኝ! አንዲት ቃል ሳትጠይቂኝ!

አንቺ ይሄን ታውቂዋለሽ፤ ሹማምንትሽ ግን አያውቁትምና ይሄን ቦታ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ይሄን ቤት የባሌ አባት ድንጋይ በድንጋይ ሲክቡት ሁለት ፎቅ ያደረጉት ለጌጥ አይደለም። ከብት ከታች ያድራል፣ ሰው ከላይ። ነፋሱ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሲወርድ ውሃ በእንስራ ውስጥ ይጠጥራል፤ ላይ ቤት ግን የከብቱ ትንፋሽ በርብራቡ እየሾለከ ወለሉን ያሞቀዋል። እንጨት አንቆርጥ፣ ከሰል አናከስል፣ መብራት አንበላ። ኃይል ቁጠባ ማለት ይሄ ካልሆነ እስኪ ሌላውን ንገሩኝ። ደንባችሁ በጥሩ ልብ ተጽፎ ይሆናል፤ ግን የተጻፈው ሙቀት በሽቦ ከሚመጣበት አገር ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሏል እንዲህ ነው። ከተማው መብራት እየጠፋበት እናንተ የኔን በሬ ትመዝናላችሁ!

ደግሞ መንግሥት ጠል እንዳልመስልሽ። ግብር በጊዜው እንከፍላለን። መንገዱ ሲሠራ ድንጋይ ተሸክሜያለሁ። ጤና ጣቢያ ልጅ አስከትቡ ሲሉ ቀድሜ የሄድሁ እኔ ነኝ፤ ያስከተብሁትም አንቺን ነው። መብራት ሲመጣ እልል ብያለሁ። ግን ሁሉም ነገር ደጃፍ አለው። መንግሥት ደጃፌ ድረስ ይምጣ፣ ውሃ እሰጠዋለሁ። ደረጃዬን ወጥቶ፣ ምድር ቤቴን ከፍቶ፣ ከሥርሽ ማን ይተኛ የሚለኝ ከሆነ ግን ነገ ደግሞ ከጎኔ ማን እንደሚተኛ ሊወስንልኝ ነው። አባትሽ ይሄን ስለው «እኔንም ቀይ ይለጥፉብኝ ይሆን?» አለና ሲስቅ ዋለ።

ስለ ጭሱ ግን አልከራከርሽም። እሱ ላይ እውነትሽን ነው። ምድጃውን ደንባችሁ ሳይመጣ ገና አምና ራሴ አውጥቼ፣ ከቤቱ ጎን ጎጆ ቀልሼለታለሁ። ቀደም ብሎ መሆን ነበረበት። ዓይኔን ይቆጠቁጠኝ ነበርና አሁን ተመስገን፣ መቆጥቆጡ ቆሟል። ስለዚህ ደንባችሁን በሙሉ አልጣልሁትም፤ ጥሬውን ከብስሉ ለዩ ነው የምለው።

አለሜን ምን እንደገጠማት ልንገርሽ፣ ከዚያ ወዲያ ቀልድ የለም። የሷም ቤት ቀይ ተብሎ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ አቅም የላትም፤ መብራቱ እንዳይቆረጥባት ፈርታ፣ እርከኑ ማዶ በእሾህ አጥራ በረት ሠራችና ላሟን ከነጥጃዋ አሳደረች። ጅቡ በመጀመሪያው ሳምንት ገባ። ጥጃዋን ወሰዳት። ላሟ ቆስላ ተረፈች፤ ወተቷ ግን ነጠፈ። አለሜ ስትጮህ ሰምተን እስክንደርስ ያለቀ ነገር ነበር። በማግሥቱ ምስጋኑ መጥቶ አዘነላትና፣ በመጨረሻ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ቤትሽ ግን አረንጓዴ ሆኗል።» ሴትዮዋ የሚሳቅ ቢሆን ትስቅ ነበር። እኔ አለቀስሁ፣ አልደብቅሽም። ደንቡ የልጄ ነውና ጥጃዋን የወሰደው የኔ ጅብ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ በተደረገው ስብሰባ አለሜ ክንዴን ይዛኝ ሄድንና እፊት ተቀመጥን። ተነሥቼ ተናገርሁ።

«እትዬ ሙሉሃብት፣ ሕግ ነው እኮ» አለኝ ምስጋኑ።

«ሕግ አልጠላሁም» አልሁት። «ሕጉ ግን ቤቴን አይቶታል?»

«በፎቶ ታይቷል።»

«ፎቶው ይሞቃል?»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። «ስሙ» አልኋቸው፣ «ሕጉን የጻፈችው ልጄ ናት፤ እዚሁ ቆሜ ስኮራ አጨብጭባችሁልኛል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ የኔ ልጅ ያቦካችው ግን ዱቄቱ ጥሩ ነው፣ ውሃው ነው የበዛበት። መጥታ ታስተካክለዋለች። እስከዚያ ድረስ ከዚህ ቀበሌ አንድም ከብት ለጅብ አይወጣም!» አጨበጨቡልኝ፣ ከፊተኛውም በለጠ። ቶይባም ነበረች። ከስብሰባው በኋላ ቀስ ብላ መጣችና፣ ደንቡ ውስጥ ቅሬታ የሚባል ነገር አለ አለችኝ። ባለቤቱ አቤት ካለ፣ ከላይ አንድ ባለሙያ መጥቶ ቤቱን በአካል ሳያይ መብራቱ አይቆረጥም። የሚመጣው ግን የገና ዋዜማ ሳያልፍ መሆን አለበት፤ ካለፈ ቀዩ ይጸናል። አቤቱታውን እሷው ጻፈችልኝ፣ እኔ ፈረምሁ። የቀበሌው ሰው ሁሉ ከኔ ሥር ፈረመ። አንድ ጥያቄም አስገባሁበት፤ የሚመጣው ባለሙያ ማኅሌት ደግሰው ትሁን የሚል።

ስለዚህ ሥራሽ ወደ ቤትሽ ጠርቶሻል። «ሥራ በዛብኝ» የምትዪው ነገር አበቃ።

በዝምድና እለፊኝ አላልሁም። እንደ መንግሥት ነይ። መለኪያሽን ሁሉ ይዘሽ ነይ። ላይ ቤት መደቡ ላይ ቁርበትሽ እንደተነጠፈ ነው። እኔና አባትሽ ከሐምሌ ወዲህ ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል ነው የምንተኛው፤ ደረጃው ዝናብ ሲሆን ያንሸራትታል፣ አንድ ቀን ስቼው ትንሽ ተንከባልዬ ነበር፣ ምንም አልሆንሁም። ቡሬና ዳለቻ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያንን ባዶ መደብ ያሞቁታል። ማንም ባይተኛበትም ሞቃት ነው፤ አባትሽ እየወጣ ይዳስሰውና «ዛሬም ሞቋል» ይለኛል። አንቺ አንድ ሌሊት ተኚበት። ከበረደሽ በማግሥቱ ቡሬን ፈትቼ የማወጣው እኔ ራሴ ነኝ። ሙሉሃብት ከቃሏ እንደማታፈገፍግ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ግን ሳትመጪ እወቂው። እነዚህ ከብቶች ከቤቴ ሥር እስካሉ ድረስ የማንንም እጅ አላይም። ማለዳ ከክፍሌ ወጥቼ፣ ግድግዳውን ይዤ ወደ ምድር ቤት እገባለሁ። ቡሬን በቀንዱ፣ ዳለቻን በአተነፋፈሷ፣ ጥጃዋን በምላሷ አውቃቸዋለሁ። አልባለሁ፣ እበቱን እዝቃለሁ፣ ጭዱን እጨምራለሁ፤ አንድም ጠብታ ወተት አይፈስብኝም። እርከኑ ማዶ ከወጡ ግን መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ገደሉም ቅርብ ነው። ማን ሄዶ ያልባቸዋል? አባትሽ በጉልበቱ? ያኔ እኔ እዚህ ደጃፍ ላይ ተጎልቼ ፀሐይ የምሞቅ ሴት ልሆን ነው። እሱን ነው እምቢ ያልሁት። መብራቱን ይቁረጡት፤ አምፖሏን እንኳ የምናበራት ለአባትሽ ነው። የሚቆጨኝ ስልኩ ነው፤ መብራት ከሌለ ቻርጅ ለማድረግ ገበያ መውረድ ሊኖር ነው፣ ያንቺን ድምፅ ደግሞ በገበያ ቀን ብቻ ልሰማ ነው። ብርቱ ነኝ እንጂ እሱስ ይከብደኛል።

ግን እዚያ አይደርስም። ትመጫለሽ። ቶይባ «ካልመጣችስ እማማ?» ስትለኝ ሳቅሁባት። የበሬን ስም ለማረም ያን ያህል የቸኮለች ልጅ የእናቷን ቤት ለማየት አትቸኩል? ከላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ከተማው መኪና አለ፤ ከዚያ ወደኛ የሚመጣ የጭነት መኪና አይጠፋም። ዘንድሮም የገና ተሳላሚዎች ከሰሜን በእግራቸው በኛ በኩል ያልፋሉ፤ እንደ ወጋችን ላይ ቤት አሳድረን፣ እግራቸውን አጥበን እንሸኛቸዋለን። ቀድመሽ ከደረስሽ ውሃውን አብረን እናሞቃለን፣ በአዲሱ ምድጃ፣ ከቤት ውጭ፣ ደንብሽ እንደሚለው።

እንግዲህ ፀሐይዋ ዞረች። የቅዱስ ላሊበላ አምላክ እግርሽን ከእንቅፋት፣ እጅሽን ከክፉ ፊርማ ይጠብቅልሽ። የጻፍሽው ለድኻ ጥላ ይሁን፣ ሸክም አይሁን። የምትበዪው ይጣምሽ፣ የምትተኚበት ይሙቅሽ። አባትሽ «ቡሬ ሰላም ብሎሻል በያት፣ ቂም አልያዘም» ይላል። እኔም አልያዝሁም።

በቁጣዬም በፍቅሬም እናትሽ የሆንሁ
ሙሉሃብት

ይሄን ሳልረሳ። ስትመጪ ዝም ብለሽ ዘው አትበይ። ከእርከኑ ሥር ሆነሽ እንደ ልጅነትሽ «እማዬ!» ብለሽ ተጣሪ። ደጃፍ ላይ ነው የምቀመጠው። ዝም ብለሽ ፊቴ ከቆምሽ እንደ ማንኛውም መንገደኛ «ቤት ለእንግዳ» ልልሽ እችላለሁ፤ እሱ ደግሞ ሁለታችንንም ያሳዝነናል። ድምፅሽን ከሰማሁ ግን አልሳሳትም።